የቆየ የናስ ጓጉንቸር ዕድሜው እንዴት ይታወቃል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የታሪክና የሳይንስ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ፥ ከበሩ በስተ ቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ዐሥራ አራት የናስ ጓጉንቸሮች ተደርድረው ሳታዩ አልቀራችሁም። ከመካከላችሁም «ለዚህ ለተከበረ ቀን ከጓጉንቸር የተሻለ የሚታይ ነገር ጠፋን?» ብሎ የጠየቀ ይኖራል። የጠየቀውን ሰው አንቀየመውም፤ እኛም ራሳችን በመጀመሪያው ቀን ያልነው ይህንኑ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምስት ወር በፊት ክበባችን ለዚህ በዓል የቆዩ ዕቃዎች ትርኢት ለማዘጋጀት ወሰነ። እያንዳንዱ አባል ከቤቱ አንድ የቆየ ዕቃ እንዲያመጣ ታዘዘ። እኛ የጠበቅነው ጋሻ፥ የብራና መጽሐፍ፥ የብር ጌጥ፥ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ወላጆቻችን ግን ብልሆች ስለ ሆኑ የከበረውን ዕቃ ለልጅ አምነው አይሰጡም። ስለዚህ በቀጠሮው ቀን አብዛኞቻችን ይዘን የመጣነው ቢጠፋም ቤት የማያፈርስ ዕቃ፥ ማለት መክፈቻው የጠፋበት ወይም መዝጋት ያቆመ ጓጉንቸር ሆኖ ተገኘ።

ከነዚህ መካከል አንዱ ግን የተለየ ታሪክ ነበረው። ያመጣው ጓደኛችን ጓጉንቸሩ የሴት አያቱ ሣጥን የሚቆለፍበት መሆኑንና ለትርኢቱ ብቻ ከነመክፈቻው እንዳዋሱት ነገረን። በቤተ ሰቡ ዘንድ ሲነገር እንደ ኖረው፥ ሣጥኑንም ጓጉንቸሩንም የአያቱ አያት ከዐድዋ ጦርነት ሲመለሱ ከጠላት ሰፈር ማርከው ያመጡት ነው። እኛም ይህን በሰማን ጊዜ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ወዲያው በነጭ ካርድ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት «በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተማረከ የናስ ጓጉንቸር» ብለን ጽፈን ከጠረጴዛው መካከል አስቀመጥነው።

የታሪክ መምህራችን መጥተው ካርዱን አነበቡ። አልተቈጡም፤ አላመሰገኑንምም። «ይህን የነገራችሁ ማን ነው? ሰው ነው ወይስ ጓጉንቸሩ?» ሲሉ ብቻ ጠየቁን። ሰው መሆኑን ነገርናቸው። «እንግዲያውስ ጓጉንቸሩንም ጠይቁት» ብለውን ሄዱ።

ጓጉንቸርን መጠየቅ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ ለመረዳት አምስት ወር ፈጀብን። ዛሬ በአጭሩ የምናስረዳችሁም ይህንኑ ነው። ከአሁን ጀምሮ የምንጠራቸው ዓመቶች፥ «ዓ.ም.» ካላልን በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን፤ ጓጉንቸሮቹ ከውጭ አገር የመጡ ስለ ሆነ የተጻፈባቸውም በዚያው አቈጣጠር ነውና።

ለጓጉንቸር የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ከምን ተሠራህ?» የሚል ነው።

ናስ መዳብና ዚንክ በእሳት ቀልጠው ሲዋሐዱ የሚገኝ ቅይጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከመቶው 60 እስከ 70 እጅ መዳብ፥ የቀረው ዚንክ ይሆናል። ብረት በዝናብና በእርጥበት ሲዝግ፥ ናስ ላዩ ይጠቍራል ወይም አረንጓዴ ነገር ያወጣል እንጂ እንደ ብረት በዝገት ተበልቶ አያልቅም። በመርከብ ላይ፥ በወደብ መጋዘንና በምድር ባቡር የናስ ጓጉንቸር ተፈላጊ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለባለ እጁም ይመቻል፤ ከብረት ይልቅ ቶሎ ይቀልጣል፥ ለሞረድም ይታዘዛል።

ነገር ግን ቢጫ ሁሉ ናስ አይደለም። ይህን ለመለየት በመጀመሪያ ማግኔት ያስፈልጋል። ማግኔቱ የጓጉንቸሩን አካል ከሳበው፥ ዕቃው ላዩን ናስ የተለበጠ ብረት ነው። በመቀርቀሪያው ቀለበት ውስጥ የሚገባው ጐባጣ ዘንግ ግን በእውነተኛው የናስ ጓጉንቸርም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከብረት ስለሚሠራ፥ ማግኔቱ መቅረብ ያለበት ለአካሉ ነው እንጂ ለዘንጉ አይደለም።

ማግኔት ያልሳበውም ሁሉ ናስ ነው ማለት አይደለም። ለዚህ የፊዚክስ መምህራችን በክፍል ያስተማሩን የአርኪሜዴስ ዘዴ ጠቀመን። ጓጉንቸሩን በሚዛን መመዘን፤ ቀጥሎ በመስፈሪያ ብርጭቆ ውስጥ ባለ ውሃ አጥልቆ ውሃው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ማየት፤ ከዚያ ክብደቱን ለገፋው ውሃ መጠን ማካፈል ነው። ናስ በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 8.5 ግራም ገደማ፥ ብረት 7.8 ገደማ፥ ለርካሽ ዕቃ መሥሪያ የሚሆነው የዚንክ ቅይጥ 6.7 ገደማ ይመዝናል። በውስጡ የታመቀ አየር ሂሳቡን እንዳያበላሽብን ጓጉንቸሩን በውሃው ውስጥ ደጋግሞ ማነቃነቅ፥ ከዚያም በኋላ በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ዘዴ መጀመሪያ የተያዘው የራሳችን ጓጉንቸር ነበር። ክበባችን ከአባሎቹ መዋጮ ሰብስቦ ከገበያ አንድ ጓጉንቸር ገዝቶ ነበር። ፊቱ ላይ «1882» የሚል ቁጥር ጎልቶ ይታያል፤ መልኩም የጠቈረና ያረጀ ነው። ሻጩ ከመቶ ዓመት በላይ እንደ ኖረ ምሎ ነበር የሸጠልን። ስንመዝነው 207 ግራም ሆነ፤ የገፋው ውሃ 30 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ነው። 207ን ለ30 ብናካፍለው 6.9 ወጣ። የጓደኛችን የአያቱ ጓጉንቸር ግን 252 ግራም ሲመዝን የገፋው ውሃ ያው 30 ስለ ነበረ 8.4 ወጣ። እንግዲህ ሁለተኛው በእርግጥ ናስ ነው፤ የኛው ግን ቢጫ የተቀባ ዚንክ ነው። ደግመን ብናየው በመክፈቻው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ቢጫው ተልጦ ነጩ ይታያል። ጥቁረቱም የዕድሜ አልነበረም፤ አልኮል በነካው ጥጥ ብናብሰው ዕድሜው ሁሉ ወደ ጥጡ ተሻገረ። በፋብሪካ ቅርጽ ውስጥ በግፊት እየፈሰሰ የሚሠራው የዚንክ ዕቃ የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዓመት ስለ ሆነ፥ 1882 የሚለው ቁጥር እውነት ሊሆን አይችልም። ምናልባት በኛ አቈጣጠር ይሆናል እንዳንል እንኳ፥ ያ 1889 ወይም 1890 ነውና አያድነንም። ገንዘባችን በከንቱ ጠፋ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በክበባችን ውስጥ እፍጋት ምን እንደ ሆነ የሚረሳ ተማሪ የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ «እንዴት ትከፈታለህ?» የሚል ነው። በጠረጴዛችን ላይ ያሉት ጓጉንቸሮች በአከፋፈታቸው አራት ነገድ ናቸው።

የመጀመሪያው ነገድ የሞላ ነው። በውስጡ ሞላዎች እንደ ተዘረጋ ክንፍ ሆነው ዘንጉን ይይዛሉ፤ መክፈቻው ወደ ውስጥ ሲገፋ ሞላዎቹን ይጨፍናቸዋል፥ ዘንጉም ይወጣል። ሮማውያን ያውቁት ነበር፤ በቻይናም ረዘም ባለ የናስ ቅርጽ ለብዙ ዘመን ሲሠራ ኖሯል።

ሁለተኛው ነገድ የእንቅፋት ነው። በመክፈቻው ቀዳዳ ውስጥ ስስ ብረቶች እንደ አጥር ቆመዋል፤ በነሱ መካከል እንዲያልፍ ሆኖ የተቆረጠ መክፈቻ ብቻ ዞሮ ይከፍታል። ይህም ጥንታዊ ነው፤ ነገር ግን ርካሽ ስለ ሆነ መሠራቱ ሳይቋረጥ ኖሯል።

ሦስተኛው ነገድ የሌቨር ነው። በውስጡ ስስ የናስ ቅጠሎች ተደራርበዋል፤ መክፈቻው እያንዳንዱን ቅጠል ሳይበዛም ሳያንስም በልኩ ካላነሣው አይከፈትም። ይህን መላ በ1778 በእንግሊዝ አገር ያሳወቀው ሮበርት ባሮን ነው። በ1818 ደግሞ ጄረማያ ቸብ ሌላ ጨመረበት፤ ይኸውም ባዕድ መክፈቻ ቅጠሉን ከልክ በላይ ሲያነሣው ተይዞ እንዲቀርና ሌባ መሞከሩን ለባለቤቱ እንዲያስታውቅ አደረገ። ዎልቨርሃምፕተንና ዊለንሆል የተባሉት የእንግሊዝ ከተሞች በዚህ ዓይነት ሥራ የታወቁ ናቸው። በሕንድ አገርም አሊጋር የተባለችው ከተማ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በናስ ቁልፍ ሥራ ስሟ የተጠራ ነው።

አራተኛው ነገድ ዛሬ በየቤታችን የምናውቀው፥ ትንሽና ጠፍጣፋ ሆኖ ጐኑ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው መክፈቻ ነው። በውስጡ ትንንሽ የተቆረጡ ዘንጎች በሞላ ተገፍተው ይቆማሉ፤ የመክፈቻው ጥርሶች ሁሉንም በአንድ መስመር ሲያስተካክሏቸው ይዞራል። አሳቡ በጥንታዊት ግብፅ በእንጨት ቁልፍ ላይ ይሠራበት የነበረ ነው። ዛሬ በምናውቀው መልክ ያወጣው ግን አሜሪካዊው ላይነስ ዬል፥ ልጅየው፥ ሲሆን የፈጠራ መብቱን በ1861ና በ1865 አስመዝግቧል።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስሕተት ይመጣል፤ እኛም ሠርተነዋል። የሌቨር ጓጉንቸር ባየን ቁጥር «በ1818 የተሠራ» እያልን ስንጽፍ ነበር። ይህ ትክክል አይደለም። በ1784 ጆሴፍ ብራማ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ ዓይነት ቁልፍ ፈጠረ። በ1790 በዚሁ አሠራር የተሠራ ጓጉንቸር በለንደን ሱቁ መስኮት ላይ አሳይቶ፥ ያለ መክፈቻ ለሚከፍት ሰው 200 ጊኒ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ጓጉንቸሩ 61 ዓመት ያህል ሳይበገር ቆየ። በ1851 ታላቁ የዓለም ትርኢት በለንደን ሲደረግ፥ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ በ16 ቀኖች ውስጥ 51 ሰዓት ሠርቶ ከፈተው። ጓጉንቸሩም ዛሬ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ይገኛል። ከዚህ እንደምንማረው፥ ጥሩ አሠራር ከፈጣሪው ዕድሜ አልፎ ይኖራል። ስለዚህ የፈጠራው ዓመት «ከዚህ ወዲህ ነው» ይለናል እንጂ «በዚህ ዓመት ነው» አይለንም። ጥርሳም ጠፍጣፋ መክፈቻ ያለው ጓጉንቸር ከ1861 በፊት አልተሠራም ብንል ያስኬዳል፤ ባለፈው ሳምንት ተሠርቶ ሊሆን ግን ይችላል።

ሦስተኛው ጥያቄ «ምን ተጽፎብሃል?» የሚል ነው።

ፊደሉ ደብዝዞ ከሆነ ጓጉንቸሩን በመስኮት አጠገብ ይዞ ብርሃኑ ከጐን እንዲያርፍበት ማድረግ ነው፤ ወይም ስስ ወረቀት ለብጦ በእርሳስ ጐን ቀስ ብሎ መፈተግ ነው። በዐይን ያልታየው በወረቀቱ ላይ ይወጣል። ነገር ግን የተጻፈ ቁጥር ሁሉ ዓመት አይደለም። 50 የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የስፋቱ ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሌቨር ጋራ የተጻፈ 6 ደግሞ የቅጠሎቹ ብዛት ነው።

ዕድሜን የሚያመለክቱት ምልክቶች ሌሎች ናቸው። የአሜሪካ ዕቃ የፈጠራ መብት የተሰጠበትን ቀን፥ ወርና ዓመት ከጻፈ፥ ብዙ ጊዜ ከ1927 በፊት የወጣ ነው፤ በዚያ ዓመት ሕጉ ተለውጦ በቀኑ ፈንታ የመብቱ ቁጥር እንዲጻፍ ሆኗልና። በእንግሊዝ ዕቃ ላይ የተጋደመ አራት ማዕዘን ምልክት ከነፊደሎቹ ቢገኝ ቅርጹ ከ1842 እስከ 1883 ባለው ጊዜ የተመዘገበ ነው፤ «አር-ዲ» የሚሉ ፊደሎች ከነቁጥር ቢገኙ ግን ከ1884 ወዲህ ነው። «ቪ-አር» የሚለው ከ1837 እስከ 1901 የነገሠችው የንግሥት ቪክቶሪያ ስም ምልክት ነው። በጀርመን ዕቃ ላይ «ዲ-አር-ፒ» የሚለው ከ1877 ወዲህ፥ «ዲ-አር-ጂ-ኤም» የሚለው ከ1891 ወዲህ ነው።

የአገር ስምም ይናገራል። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ከ1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት አዘዘች፤ ስለዚህ የአገር ስም ያለበት ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ ነው። «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል ጽሕፈት ከ1947 እስከ 1952 ያለውን ዘመን ያሳያል። ጀርመንም በ1949 ለሁለት መንግሥት ተከፍላ በ1990 ስለ ተዋሐደች፥ «ዌስተርን ጀርመኒ» የሚል ዕቃ በነዚህ ዓመቶች መካከል የተሠራ ነው። ልብ በሉ፤ አንድ መንግሥት ሲቆምና ሲፈርስ በጓጉንቸር ሆድ ላይ ተጽፎ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ጽሕፈት ይዋሻልም። በ1912 የሰጠመችው የታይታኒክ መርከብ ስም የተጻፈባቸው፥ ለጌጥ ተብለው በቅርብ ጊዜ የተሠሩ የናስ ጓጉንቸሮች በገበያ ይሸጣሉ። ስለዚህ ጽሕፈቱን ከሥራው ጋራ ማስተያየት ይገባል። በእጅ የተሠራ ዕቃ የሞረድ ጭረት ይታይበታል፤ ጭረቶቹም ትክክል አይደሉም። በፋብሪካ የተሠራው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ወጥ የናስ ዘንግ እንደ ዳቦ የተቆረጠና በመሣሪያ የተበሳ ነው፤ የሞቀ ናስን በቅርጽ ቀዳዳ ገፍቶ እንዲህ ያለ ዘንግ የማውጣት ዘዴ በአሌክሳንደር ዲክ የተፈጠረው በ1894 ነው። ራሱ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎንም የተስፋፋው ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው። እውነተኛ እርጅና ደግሞ ቦታ ይመርጣል፤ መክፈቻው በሚገባበት ጠርዝና ዘንጉ ከቀለበቱ ጋራ በሚፋተግበት ቦታ ይበዛል። የሐሰት እርጅና ግን በሁሉም ቦታ እኩል ነው።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን እንናዘዛለን። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አባባ አንድ የቆየ ጓጉንቸር በደግነት አውሰውን ነበር። በሆዱ ላይ ግማሹ የሚታይ ጽሕፈት ነበረበት። ከኛ ሁለቱ «አብርተን ብንመልስላቸው ደስ ይላቸዋል» ብለው በሎሚና በአመድ፥ ያም አልበቃ ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉት። ጓጉንቸሩ እንደ ወርቅ አበራ፤ ጽሕፈቱ ግን ጠፋ። አባባ «ምን አለበት ልጆቼ፥ አሁንም ይዘጋል» አሉን። እኛ ግን ምን እንዳጠፋን እናውቃለን። በጠረጴዛው ላይ ካለው ከዚያ ጓጉንቸር ፊት «ዕድሜው አይታወቅም፤ ምክንያቱም እኛ ነን» የሚል ካርድ ታገኛላችሁ።

እንግዲህ ሦስቱ ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ ፍርዱ እንዴት ይሰጣል? አንድ ደብዳቤ የ1928 ዓ.ም.ን ወረራና የ1933 ዓ.ም.ን ነፃነት አንድ ላይ ቢጠቅስ፥ ከ1933 ዓ.ም. በፊት እንዳልተጻፈ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጓጉንቸርም እንደዚሁ ነው። በላዩ ላይ ካሉት ምልክቶች ሁሉ የሚፈርደው በጣም ጥንታዊው ሳይሆን በጣም አዲሱ ነው። አዲሱ ምልክት በኋላ በጥገና የገባ መክፈቻ ወይም ዘንግ ላይ እንዳይሆን ብቻ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በአካሉ ላይ ከሆነ ግን ይግባኝ የለውም።

በዚህ ሕግ መሠረት ወደ ጓደኛችን የአያቱ ጓጉንቸር ተመለስን። ናስነቱ ተረጋግጧል። መክፈቻው ጠፍጣፋና ጥርሳም ነው። አካሉ ከወጥ ዘንግ የተቆረጠ ነው። በመጨረሻም ሆዱን በለስላሳ ብሩሽ ጠርገን በእርሳስ ስንፈትገው በወረቀቱ ላይ ሁለት ቃላት ወጡ፤ «ዌስተርን ጀርመኒ»።

በክፍሉ ውስጥ ዝምታ ሆነ። የዐድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፥ ማለት በ1896 ነው። ጓጉንቸሩ ከ1949 በፊት አልነበረም። በመካከሉ ቢያንስ 53 ዓመት አለ። ጓደኛችን ወረቀቱን ይዞ «ይህን ለአያቴ እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ?» አለን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን «ካርዱን እንዳለ እንተወው፤ ማን ያውቃል? ለቤተ ሰቡም ክብር ነው» አልን። ሌሎቻችን «ጓጉንቸሩን ከትርኢቱ እናውጣው» አልን። በመጨረሻ አንዲት ጓደኛችን ተነሥታ «ባለ 1882ቱን የሸጠልንን ሰው ስንወቅሰው አልነበረምን? አሁን እኛም በጎብኚው ላይ ያንኑ ልናደርግ ነውን?» አለች። ለዚህ መልስ የሰጠ አልነበረም። ስለዚህ በእሑድ ቀን አራት ሆነን ወደ አያቱ ቤት ሄድን።

ቡና ተፈላልን። እኛም ነገሩን ለመጀመር ፈርተን ስለ ዝናቡ፥ ስለ ፈተናው፥ ስለማይመለከተን ሁሉ ተጫወትን። በመጨረሻ ጓደኛችን ወረቀቱን አውጥቶ አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው። አያቱ ጓጉንቸሩን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ሳቁ።

«ዐድዋ የነበረው ሣጥኑ ነው እንጂ ይሄ መች ነበረ?» አሉን። «ሣጥኑን አያቴ ናቸው ያመጡት ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። የራሱ ቁልፍ በልጅነቴ ተሰብሮ ወልቋል። ይህን የገዙት ባለቤቴ ናቸው፤ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሲሠሩ። የበኩር ልጄ የተወለደ ጊዜ ነው፥ በ1951 ዓ.ም.። እሳቸው ትምህርት ቤት አልገቡም። ጓጉንቸሩን ይዘው ገቡና ‹ይህ ልጅ ይማራል፤ ወረቀቱ ሁሉ እዚህ ይጠራቀም› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የስድስቱንም ልጆቼን የምስክር ወረቀት የምቆልፈው በዚሁ ነው።»

ሣጥኑን ከፍተው አሳዩን። ወረቀቶቹ በነጭ ነጠላ ተጠቅልለዋል። ከነዚያም መካከል ሁለቱ የዚህ የራሳችን ትምህርት ቤት ማኅተም ያለባቸው ናቸው። የሣጥኑን ፊት ስናይ ደግሞ ከመቀርቀሪያው በላይ የአራት ሚስማሮች ቀዳዳና የሌላ ቁልፍ ገበታ ያረፈበት ምልክት አለ። የቀድሞው ቁልፍ ወልቋል ማለታቸውን እንጨቱም መሰከረላቸው።

ጓደኛችን ወንድ አያቱን በሕይወት አላገኛቸውም። «ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩንም?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም «ማን ጠየቀኝ ልጄ? ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ስለ ዐድዋ ብቻ ነው» ብለው መለሱለት።

ክቡራትና ክቡራን፤ በአምስት ወር ውስጥ ከተማርነው ሁሉ ይህ ይበልጥብናል። እኛ እውነቱ ሲገለጥ ቤተ ሰቡ ታሪኩን የሚያጣ መስሎን ነበር። ነገር ግን ያላገኙትን ታሪክ አገኙ። የተሳሳተው ካርዳችን የሰማይ ያህል ከፍ ያለ ቢመስልም፥ ከሥሩ አንድ ያልተማሩ አባት ልጃቸው እንዲማር ያሰቡትን አሳብ ሸፍኖ ነበር። የጓጉንቸሩ ጽሕፈት ከ1949 ወዲህ አለ፤ የእናቲቱ ትዝታ 1951 ዓ.ም.፥ ማለት 1958 ወይም 1959 አለ። ሁለቱ ምስክሮች ሳይመካከሩ ተስማሙ። ስለዚህ የቀድሞውን ካርድ አንሥተን በፈንታው ይህን አኖርን፤ «የናስ ጓጉንቸር። የምዕራብ ጀርመን ሥራ። በ1951 ዓ.ም. ድሬዳዋ የተገዛ። የስድስት ልጆችን የምስክር ወረቀት የጠበቀ።» ስለ ሣጥኑ ግን ገና ስላልመረመርን «በቤተ ሰቡ እንደሚነገረው» ከማለት በቀር አልጨመርንም።

አሁን ከእናንተ የምንለምነው ጥቂት ነገር ነው። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ አንድ የቆየ ጓጉንቸር ፈልጉ። ከሁሉ በፊት አታብሩት፤ በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት ይበቃል። ማግኔት አስጠጉት፤ መክፈቻውን ተመልከቱ፤ ጽሕፈቱን በወረቀት ላይ አውጡ፤ ከምልክቶቹ አዲሱን ፈልጉ። ከዚያም ዕቃውን ማን ገዛው፥ ምንስ ተቆልፎበት ነበር ብላችሁ የቤታችሁን ታላላቆች ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም በዚያው ቀን ጻፉ። ናስ ይቆያል። የሚያስታውሱት ሰዎች ግን እንደ ናስ አይቆዩም።

ወላጆቻችንንም እንለምናለን። ልጆቻችሁ የከበረውን ዕቃ ባትሰጡን እንኳ ታሪኩን አትንፈጉን። የምትነግሩን ነገር ትንሽ ቢመስላችሁም ንገሩን።

በመጨረሻም ሚዛኑንና ብርጭቆውን ያዋሱንን የፊዚክስ መምህራችንን፥ አንድ ጥያቄ ጠይቀው አምስት ወር ሙሉ ያሠሩንን የታሪክ መምህራችንን፥ ጓጉንቸራቸውን አምነው የሰጡንን ቤተ ሰቦች፥ ይልቁንም ጥፋታችንን በደግነት ያለፉልንን የዘበኛችንን አባባ ከልብ እናመሰግናለን። ጓጉንቸሮቹ ከነካርዶቻቸው በበሩ አጠገብ ናቸው። ተሳስተን ያገኛችሁን ካለ፥ እርሳስ በጠረጴዛው ላይ ስላለ አርሙን።